ሳሎን ውስጥ የዘፈን ምሽት ማዘጋጀት ለምትፈልጉ (ከሰባት ሙከራ በኋላ)

ሰሞኑን ሦስት ሰው "ያንን ነገር እንዴት ነው የምታዘጋጂው" ብሎ ጠየቀኝ፣ ለእያንዳንዱ በቮይስ ከማወራ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ነገርየው ይሄ ነው። ሠላሳ ምናምን ሰው፣ አንድ ሳሎን፣ የራሳቸውን ግጥምና ዜማ የሚሰሩ ሦስት ልጆች፣ አንድ ጊታር፣ አንድ ክራር፣ ከተገኘ ዋሽንት ወይ ማሲንቆ። ኪቦርድ የለም፣ ስፒከር የለም፣ "ሞቅ ያለ ጭብጨባ!" እያለ የሚጮህ መድረክ መሪም የለም። የኛ ቤት አዲስ አበባ ውስጥ ካሉት የድሮ ቆርቆሮ ቤቶች አንዱ ነው፣ ሳሎኑ ሰፋ ይላል፣ ሌላ የተለየ ነገር የለውም፣ ስለዚ "የኔ ቤት አይመችም" ልትሉ የተዘጋጃችሁ ቆይ አንብቡ። ሰባት ግዜ አዘጋጅቼዋለሁ፣ ሦስቱ በጣም ያማሩ ነበሩ፣ ሁለቱ ደህና፣ የቀሩት ሁለቱን ማውራት ያሳፍራል ግን የተማርኩት ከነሱ ስለሆነ አወራቸዋለሁ።

ከሁሉም የሚከብደው ዘፋኝ ማግኘቱ አይደለም፣ ብሩም አይደለም። ዝምታው ነው። እኛ ጋ ሰው እየዘፈነ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደ ኩርፊያ ነው የሚቆጠረው። አዝማሪ ቤት ሄዳችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲዞር አንዱ ከጥግ "ተቀበል!" ይልና ግጥም ይወረውራል፣ እሱ ተቀብሎ አሳምሮ ይመልሰዋል፣ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል፣ ሌላው ተነስቶ ብር ግንባሩ ላይ ይለጥፋል፣ እስክስታው ይቀጥላል። እወደዋለሁ፣ ዛሬም ማታ ጥሩኝ እሄዳለሁ። ግን አንዲት ልጅ ክፍሏ ዘግታ ወራት የለፋችበትን ግጥም ቀስ ብላ ስትዘፍን ሰሙን አልፎ ወርቁ ጋ እንዲደረስ ጆሮ መሰጠት አለበት፣ ሌላ መንገድ የለውም። ይሄ ደሞ የፈረንጅ ነገር ነው እንዳትሉኝ። በገና ሲደረደር ማን ያወራል? ካሳ ተሰማም አስናቀች ወርቁም እኮ ክራር ይዘው ነው ሰው ያስደመሙት። ለነገሩ ፈረንጆቹም ቢሆኑ ዝምታውን በግድ ነው ያመጡት፣ አሜሪካ ናሽቪል ውስጥ ብሉበርድ ካፌ የሚባል በ1982 እ.ኤ.አ የተከፈተ ትንሽዬ ቤት አለ፣ 90 ሰው ገደማ ነው የሚይዘው፣ ዘፈን ደራሲዎቹ መሀል ላይ ክብ ሰርተው ተቀምጠው ተራ በተራ ይጫወታሉ፣ ወሬ የጀመረ ሰው "እሽሽ" ይባላል። ስለዚ ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር በሙሉ፣ ወንበሩም ቡናውም ፍሪጁም፣ ለዛች ዝምታ ነው።

ቀን ስለመምረጥ

ክረምት እርሱት። የመጀመሪያውን ያዘጋጀሁት ሰኔ መጨረሻ ላይ ነበር፣ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ዝናቡ መጣ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የኖረ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቃል፣ እንኳን ክራር መኪና ጥሩምባ አይሰማም። አርባ ደቂቃ ተያይተን ተቀመጥን። የናንተ ቤት ኮንክሪት ጣራ ከሆነ ክረምቱም ይሆናል፣ እንደውም ያምር ይሆናል፣ የቆርቆሮ ከሆነ ግን ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ያዙ። ጥቅምት ላይ ብርዱ ከባድ ነው፣ በረንዳ ላይ አደርገዋለሁ ካላችሁ "ጋቢ ይዛችሁ ኑ" በሉ።

ጾሙንም እዩ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ በዛን ግዜ አልዘፍንም የሚል ዘፋኝ ብዙ ነው፣ የሚመጣውም ሰው ይቀንሳል። ሁዳዴ ውስጥ ካላደረግኩት ሞቼ እገኛለሁ ካላችሁ የበገና ምሽት አድርጉት፣ ግዜውም እሱ ነው፣ በገና ደሞ ድምፁ ዝቅ ያለ ስለሆነ ለሳሎን የተፈጠረ ነው የሚመስለው። ረመዳን ላይም ሙስሊም ጓደኞቻችሁ ጀምበር ስትጠልቅ ማዕድ ላይ ናቸው። እኔ ቅዳሜ ነው የሚመቸኝ።

ሰዓቱን ስትመርጡ አካባቢያችሁን አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ አዳምጡት፣ ይሄን ብዙ ሰው አያደርገውም። መስጊዱ የት ነው፣ ቤተክርስቲያኑ ማይክ የሚከፍተው መቼ ነው፣ ጎረቤት ጀነሬተር አለ ወይ፣ ውሻ አለ ወይ። እኛ ጋ የመግሪብ አዛን (ጀምበር ስትጠልቅ የሚባለው) ካለቀ በኋላ እንጀምራለን፣ የዒሻው (የምሽቱ) ሲደርስ እረፍት እናደርጋለን፣ ሰዓቱ እንደ ወቅቱ ከፍ ዝቅ ስለሚል የዛን ሳምንት አረጋግጡ። መሀሏ ላይ አንድ ሰዓት ገደማ ትገኛለች፣ ለመጀመሪያው ዙር ትበቃለች። የራሳችንን ውሻ አክስቴ ቤት ነው የምንሸኘው።

ሳሎኑን ማሰናዳት

ባዶ ሳሎን ውስጥ አንዴ አጨብጭቡ። ጭው ብሎ ከተመለሰላችሁ ቃላቱ ይደበላለቃሉ ማለት ነው፣ በተለይ ሴራሚክ ወለል ላይ። መድኃኒቱ ጨርቅ ነው፣ ምንጣፍ አንጥፉ፣ ወፍራም መጋረጃ ካለ ዝጉት፣ ከዘፋኙ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ላይ ብርድ ልብስ ወይ ጋቢ ስቀሉ። ሰዉ ራሱ ድምፅ ይውጣል፣ ስለዚ ባዶ ቤት ውስጥ ትንሽ ማስተጋባት ከቀረ አትጨነቁ፣ ሲሞላ ይስተካከላል።

ዘፋኙን ረጅሙ ግድግዳ ጋ አስቀምጡት እንጂ ከሳሎኑ ጫፍ አይሁን፣ ጫፍ ላይ ከሆነ መጨረሻ የተቀመጠው ሰው ይርቃል፣ የራቀ ሰው ደሞ ስልኩን ያወጣል። ሰዉን በግማሽ ክብ ነው የምደረድረው፣ የፊተኞቹ ፍራሽና ምንጣፍ ላይ መሬት፣ ቀጥለው ዱካና በርጩማ፣ ከኋላ ወንበር። እንደዚህ ሲሆን ማንም ማንንም አይከልልም፣ መጨረሻ ያለው ሰው ከዘፋኙ አምስት ሜትር አይርቅም፣ ያለ ማይክ እያንዳንዷ ቃል ትደርሰዋለች። ሰዉ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሰው ኋላ አስቀምጡና ዘፋኟን ዝቅ ባለ ድምፅ አዘፍኗት፣ ኋላ ያለው ግጥሙን መድገም ከቻለ ሳውንድ ቼካችሁ አለቀ።

ወንበር ከየት ይመጣል ካላችሁ ከእድር ነው እንጂ ከየት ይመጣል። ግን አስቀድማችሁ ለሰፈር ተናገሩ!! እኔ አልተናገርኩም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ልጆች የእድሩን አግዳሚ ተሸክመው ወደ ግቢያችን ሲያስገቡ ሰፈሩ አየ፣ ከሰዓት አንዲት ጎረቤታችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ፊታቸውን ቋጥረው በሩ ላይ ደረሱ። "ማን ነው እናቴ?" አሉኝ ቀስ ብለው። ማንም እንዳልሞተ፣ ዘፈን እንደሆነ ሳስረዳቸው መጀመሪያ ተቆጡኝ፣ ከዛ ሳቁ፣ ከዛ ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡና ፊት ለፊት ተቀመጡ። ማታ እማዬ ደሞ ከጓዳ ብቅ ብላ ሰው ሁሉ አግዳሚ ላይ አቀርቅሮ ዝም ብሎ ስታየው "ይሄ ከለቅሶ ቤት በምን ተለየ?" አለች፣ እውነቷን ነው። ከዛ ወዲህ አግዳሚውን ከኋላ ብቻ ነው የምጠቀመው፣ ከፊት ፍራሽና ባለቀለም ትራስ ይሁን፣ ትልቁን አምፖል አጥፍታችሁ ጥግ ላይ ሁለት ቢጫ መብራት አብሩ። ጎረቤቶችን ደሞ በቃ ጥሩ፣ የተጠራ ጎረቤት ስለ ድምፅ አያማርርም።

መብራት ቢጠፋም ምንም አትሆኑም፣ የዚህ ነገር ትልቁ ጥቅም እሱ ነው፣ ሻማና ክብሪት የት እንዳለ ብቻ እወቁ።

እና ፍሪጅ። ቀኑን ሙሉ አይሰማችሁም፣ ሰው ዝም ባለበት ሰዓት ግን እንደ ሚኒባስ ነው የሚያጓራው። ከሶኬቱ ንቀሉት። መልሶ መሰካት እንዳትረሱ የቤታችሁን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት፣ አትሳቁ፣ እኔ አንዴ ረስቼው አድሮ የእማዬ ወተትና የሳምንቱ ሥጋ ተበላሽቷል፣ እስካሁን ይነሳብኛል።

ዘፋኞቹን መምረጥ

ሦስት ሰው በቂ ነው፣ ለእያንዳንዱ አምስት ዘፈን፣ ከነወሬው 25 ደቂቃ። አራት ሰው አድርጌ አይቼዋለሁ፣ አራተኛው የደከመ ጆሮ ነው የሚደርሰው፣ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እኛ ሀገር ግጥም የአንድ ሰው፣ ዜማ የሌላ፣ ቅንብር የሦስተኛ፣ ድምፁ የአራተኛ መሆኑ የተለመደ ነው። እነ ጂጂን እነ ቴዲ አፍሮን ለየት የሚያደርጋቸው አንዱ ነገር የራሳቸውን መጻፋቸው ነው። ስለዚ "አኮስቲክ ምሽት አለ፣ ትመጣለህ?" ብቻ ካላችሁት ልጁ አምስት የታወቀ ዘፈን ሸምድዶ ይመጣል፣ ሰዉም አብሮ ይዘፍናል፣ ሌላ ነገር ሆነ ማለት ነው። በግልፅ "የራስህን ነው የምንፈልገው፣ ያላለቀም ቢሆን" በሉት። አንድ ብቻ የሰው ዘፈን እፈቅዳለሁ፣ እሱንም የግጥሙንና የዜማውን ባለቤት ስም ጠርቶ።

ድምፃቸው የሚለያይ ይሁን፣ ሦስት ጊታር ያዥ ወንድ ተከታትሎ አይመከርም። ማሲንቆ ካለ ከሁሉም ይጎላልና ወደ መጨረሻ አድርጉት፣ ክራር ወይ ጊታር በጣት የሚጫወት ሰው ይጀምር፣ ከዝቅታው የጀመረ ጆሮ ቶሎ ይለምዳል። ጊታሩን በመምቻ የሚገርፍ ካለ ሳውንድ ቼክ ላይ በጣትህ ሞክረው በሉት፣ ሳሎን ውስጥ የራሱን ድምፅ ራሱ ነው የሚቀብረው።

ስለ ክራር የማያውቅ አዘጋጅ የሚሸወድባት ነገር አለች። ክራር አንድ ቅኝት ላይ ከተቃኘ እዛው ቅኝት ላይ ነው። ትዝታ ተጫውቶ ወደ ባቲ ወይ አንቺሆዬ ልሂድ ካለ ስድስቱን አውታር እንደገና መቃኘት አለበት፣ ያ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበላል፣ በዛች ሁለት ደቂቃ ነው ወሬ የሚፈነዳው፣ ከፈነዳ ደሞ መመለሻ የለውም። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ዘፈኖቹን በቅኝት በቅኝት እንዲደረድራቸው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ቅኝት የሚቀይረው አንዴ ብቻ ይሁን፣ እሱንም እየቃኘ ስለሚቀጥለው ዘፈን ያውራ። አንዱ ልጅ አውታሩን እያጠበቀ ዘፈኑን ለማን እንደጻፈው፣ ልጅቷ ደሞ እስካሁን እንደማታውቅ ሲያወራ ሰው ትንፋሹን ይዞ ነበር፣ ከዘፈኑም በላይ እሷ ወሬ ናት የምትወራው እስካሁን። ማሲንቆና ክራር ቆዳቸው እርጥበት ሲነካው ይላላል፣ ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገቡም ቅኝታቸው ይሄዳል፣ ስለዚ መሣሪያው ከአንድ ሰዓት በፊት ሳሎኑ ውስጥ ይገኝ።

ቡናና የሚቀመስ ነገር

ቡና ይኑር፣ ያለ ቡና ሰው መጥራት አይሆንም። ግን በ11 ሰዓት ይቆላ፣ በሩ ተከፍቶ፣ በረንዳ ላይ። የተቆላ ቡና ጭስና ዕጣን ተደራርቦ ዘፋኝ ጉሮሮ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ፣ ልጅቷ በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ሦስት ግዜ አሳለች። (ዕጣን ለማሲንቆ ተጫዋቹ ነው የሚያስፈልገው፣ ደጋኑን ይቀባበታል፣ እሱ በቂ ነው።) ሙቀጫውም ከዘፈኑ በፊት ሥራውን ይጨርስ።

አሁን ስለ ቆሎ። ቆሎና ፈንዲሻ የዚህ ምሽት ጠላቶች ናቸው። ሠላሳ ሰው ቆሎ እየቆረጠመ "ዝም በሉ" ብትሉት ዝም ብሏል እኮ፣ አፉ ብቻ ነው የሚንኮሻኮሸው። ሁለተኛው ምሽት ላይ በየመሀሉ በሰሃን ሰሃን አስቀምጬ ነበር፣ ቀረፃውን ሳዳምጥ ከዘፈኑ በላይ የሚሰማው ቆሎው ነው። ድፎ ዳቦ ጥሩ ነው፣ ለስላሳ፣ ድምፅ የለውም፣ የጾምም ነው። ለዘፋኞቹ ለብ ያለ ውሃ ወይ ዝንጅብል በማር አስቀምጡ፣ ቀዝቃዛ አትስጧቸው። ቢራና ጠጅ በእረፍት ሰዓትና በመጨረሻ ብቻ፣ ለምን እንደሆነ ማብራራት ያለብኝ አይመስለኝም።

ጥሪው

እኔ የምልከው መልዕክት ይሄ ነው፣ ውሰዱት፦

"ቅዳሜ በ11 ሰዓት ቡና፣ የመግሪብ አዛን እንዳበቃ ዘፈን። ዘፈን ከተጀመረ በሩ የሚከፈተው በዘፈኖች መሀል ብቻ ነው። ስልክ ይጠፋል፣ አንድ ዘፈን መቅረፅ ይፈቀዳል። መግቢያ 300 ብር፣ ሁሉም ለዘፋኞቹ። ልጅ ይዞ መምጣት ይቻላል።"

በ11 ያልኩት በ12 እንዲደርሱልኝ ነው፣ ሁላችንም እንተዋወቃለን። የውጪ በሩ ላይ አንድ ሰው ይቁም (እኛ ጋ ወንድሜ ነው)፣ የብረት በሩን ማጠፊያ ቀድማችሁ ዘይት ቀቡት፣ የዘገየውን ሰው ጭብጨባ እስኪሰማ እዛው ያቆየዋል።

ምሽቱ ሲጀመር

የቤቱ ባለቤት ሁለት ደቂቃ ይናገር፣ ከዛ በላይ አይሁን። የምናገረው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዛሬ የምናዳምጥበት ቀን ነው፣ ማጨብጨብ ደስ ካላችሁ ዘፋኙ ሲጋብዛችሁ ነው፣ ምክንያቱም ሠላሳ ሰው ሲያጨበጭብ ፍጥነቱ እየጨመረ ዘፋኙን ጥሎት ይሄዳል። እልልታ ግን ዘፈኑ ሲያልቅ እንደፈለጋችሁ። ሁለተኛ፣ ሽልማት አለ፣ ግን ግንባር ላይ አይደለም፣ በሩ ጋ መሶብ አለ። እዚህ ላይ አንድ አጎቴ ተቀይሞኛል፣ "ለልጁ በእጄ ልስጠው እንጂ ምን መሶብ አመጣብኝ" ብሎ፣ ገብቶኛል፣ ግን መሀል ዘፈን ላይ አንድ ትልቅ ሰው ፍራሽ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ እየረገጠ ሲሄድ አስቡት። ሦስተኛው ስልክ ነው።

ስልኩ ላይ ጠበቅ በሉ። ልጆቹ የሚዘፍኑት ገና ያልወጣ ሥራ ነው፣ አንዱ ቀርፆ ቲክቶክ ላይ ከጫነው አለቀ፣ ግጥሙ በሳምንቱ ሌላ ሰው አፍ ውስጥ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ አለን፣ ቁጥር 410/1996፣ በኋላም ተሻሽሏል፣ ግን ሳሎን ውስጥ አዋጅ ከመጥቀስ ዘፋኙን ቀድሞ "የትኛውን ዘፈንህን መቅረፅ ይቻላል?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ይመርጣሉ። ሰውም ቀርፆ ከወጣለት በኋላ ይረጋጋል፣ ይሄ ሁሌም ይሰራል።

የሚያወራ ሰው ካለ (ይኖራል) በስሙ አትጥሩት፣ አጠገቡ ሄዳችሁ ቁጭ በሉ። በቃ። እስካሁን ሁለተኛ ግዜ ያወራብኝ የለም።

ብሩ

ከዘፋኞቹ ጋር ቀድማችሁ በግልፅ ተነጋገሩ፣ "ለመዝናናት ነው፣ ለልምድ ነው" የሚባለውን ነገር ተዉት። ባለፈው 34 ሰው ነበር፣ 34 በ300 ማለት 10,200 ብር፣ መሶቡና ቴሌብሩ ሲደመር 4,800 ተጨመረ፣ 15,000 ብር ለሦስት፣ ለእያንዳንዳቸው 5,000። ብዙ አይደለም ግን እዛው ማታውኑ ነው የሚሰጣቸው፣ ሁሉም ፊት ተቆጥሮ። የቡናውና የዳቦው ወጪ ከኔ ነው፣ የራይዱም፣ መሣሪያ ተሸክሞ በሌሊት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው አልወድም።

ከዘፈኑ በኋላ ሰው ቶሎ አይሄድም፣ አትቸኩሉ፣ እንደውም ቆሎው አሁን ይውጣ። አንዳንዴ አንዱ ዘፋኝ ጊታሩን መልሶ ያወጣና የቀረው ሰው ሁሉ አብሮ መዝፈን ይጀምራል፣ ጎረቤታችንም "ተቀበል!" ማለት ይጀምራሉ፣ እዛጋ ምንም ደንብ የለም። አራት ሰዓት ላይ የመጨረሻዎቹን ሸኝቼ በሩን ልቆልፍ ስል ቁልፉን አጣዋለሁ፣ ኪሴን እፈትሻለሁ፣ ቦርሳዬን እገለብጣለሁ፣ እማዬ ከመኝታ ቤቷ ሆና "ፍሪጁን!" ትላለች።